ኢንጂነሩ እቤታችን የረሳው ካፓሲተር

ተመስገን ከተመረቀ ወዲህ "ኢንጂነር" ካልተባለ ዞሮ አያይም። ለሚመጣው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ጊታር ልመታ ቤት ውስጥ ስለማመድ፣ ሟቹ አባቴ የተወልኝ ባለ ቱቦ አምፕሊፋየር እንደ ንብ መንጋ ይጮህ ጀመር። ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች አርጅተው ነበር። የመዘምራኑ መሪ ተመስገንን ሴቻ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ላከልኝ።

አዲሱን ካፓሲተር ሲበይድ የማይነሱን ጫፍ በፕላሱ በኩል አደረገው። "ኢንጂነር፣ የተገለበጠ መሰለኝ" አልኩት ቀስ ብዬ።

"እህቴ፣ አንቺ መዝሙርሽን አጥኚ። እኔ አምስት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው።"

አምፕሊፋየሩን መብራት ላይ ሰካው። ትንሽ ቆይቶ ካፓሲተሩ ጧ ብሎ ፈነዳ። ጭሱ ሲገለጥ ኢንጂነራችን ከሶፋው ጀርባ ነበር።

"የሴቻ መብራት እኮ አስቸጋሪ ነው" ብሎ ከቤት ወጥቶ ሄደ።

ገመዱን ነቅዬ፣ አባቴ እንዳሳየኝ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አራገፍኩ። ትቶት ከሄደው መለዋወጫ አንዱን ምልክቱን ሦስት ጊዜ አይቼ በየድኩት። ጩኸቱ ጠፋ።

እሁድ መትቼ ስወርድ ምእመናኑ አምፕሊፋየሩን የጠገነው እሱ መስሏቸው ተመስገንን ከበው ያመሰግኑታል። እሱም "ቀላል ሥራ ነው" ይላል። ወትሮ አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው። ያን ቀን ግን የፈነዳውን ካፓሲተር ከኪሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ኢንጂነር፣ ይህን እኛ ቤት ረስተኸው ሄደህ ነበር።"