የሰብሳቢው አጥር

ከመገናኛ አያት ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ ያለው ጎልማሳ ከስልጠና እየተመለሰ መሆኑን፣ አጠገቡ ለተቀመጡት የማያውቃቸው እናት ሳይጠይቁት ነገራቸው።

«የምን ስልጠና ነው ልጄ?»

«ሰፈራችንን ራሳችን እንድናቅድ ነው፣ እማማ። የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መርጠውኛል።»

«እሰይ! ታዲያ ምን አቀዳችሁ?»

«መጀመሪያ ግቢውን በእግር ዙሩ፣ ችግር ያለበት ቦታ ላይ ቀይ ሪባን እሰሩ ተባልን።»

«የት አሰራችሁ?»

«ልጆቹ መጫወቻ የላቸውም። አንዱ የጋራውን ቦታ በቆርቆሮ አጥሮ ጎመን ተክሎበታል። ሁሉም እዚያ አጥር ላይ አሰሩ።»

«ምን ያለ ዓይን አውጣ ነው! ማነው እሱ?»

«ምድር ቤት የሚኖር ሰው ነው።»

«አንተ ሰብሳቢው ዝም አልከው?»

«ምን ልበለው እማማ፣ አጥሩ የኔ ነው።»

«በስመ አብ! አንተም ሪባን አሰርክ?»

«ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ምን ላድርግ? መጀመሪያ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«አፈረስከው ታዲያ?»

«ቅዳሜ ስብሰባ ላይ በድምፅ ይወሰናል።»

«ስብሰባውን የሚመራው ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«ጎመኑስ?»

«እሱንማ ለየቤቱ እያደልኩ ነው። ምናልባት ድምፃቸውን ቢሰጡኝ ብዬ።»

«አይ ልጄ! ጎመንህን በልተው አጥርህን ያፈርሱልሃል።»

እኔም ለምድር ቤቴ አጥር ብዬ ከሾላ የገዛሁትን ሚስማር በእግሬ ቀስ አድርጌ ወደ ወንበሩ ስር ገፋሁት።