ጅቡ የነከሰው ጭን

ረፋዱ ላይ፣ በጤና ጣቢያው የቁስል ማጠቢያ ክፍል፤ ስመ ጥሩው ዋግምት አጋሚ ጋሽ ደባልቄ ጭናቸውን ገልጠው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በጎናቸው ተኝተዋል፤ ሲስተር ውብአንቺ ጓንት ታጠልቃለች፤ የጋሽ ደባልቄ ሚስት እትዬ የሺመቤት በሩ አጠገብ ቆመዋል።

ደባልቄ፦ አንዲት ቃል ብዋሽሽ ከዚህ አልጋ አያስነሳኝ። ጅብ ነው የነከሰኝ። ያውም ወይፈን የሚያህል።

ውብአንቺ፦ ወይፈን የሚያህል ጅብ ነክሶዎ ጭንዎ እዚሁ ቀረ? የጥርሱ ምልክት የታለ፣ ጋሼ?

ደባልቄ፦ ምን ጥርስ ቀረው ብለሽ። በቡጢ አራገፍኩለታ። አሁን በድዱ ነው አሉ የሚኖር።

ውብአንቺ፦ እኔ የማየው በምላጭ የተሰነጠቀ እባጭ ነው። ዙሪያው እንደ ፍም ግሏል፣ ቅላቱም ጉልበትዎ ደርሷል። በየትኛው ምላጭ ነው የከፈቱት?

ደባልቄ፦ የሦስት ወረዳ ሕዝብ ጀርባ ያገምኩ ሰው የገዛ ጭኔን በምላጭ? አንቺ ሳትወለጂ እኮ፣ ሊገንዙት ከፈን የቀደዱለትን ሰው በአንድ የዋግምት ቀንድ አስነስቼ ጠላ ያስጠጣሁ ነኝ። በይ ቶሎ እጠቢና ሸኚኝ። የእነ ምላሹ ምራት ትከሻዋን ይዟት ለከሰዓት ቀጥራኛለች።

ውብአንቺ፦ የጠየቅኩዎ ለዚሁ ነው። እዚህ መግል ውስጥ የገባ ምላጭ ከሰዓት የእሷ ገላ ውስጥ ሊገባ ነው። ባክቴሪያውን ይዞ።

ደባልቄ፦ ስሙ ብቻ ገዘፈ። በዓይን የማይታይ ነገር ነው ደባልቄን የሚጥለው?

ውብአንቺ፦ እየጣለዎ ነው። መርዝ ይረጫል። ገላዎን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሴሎች ሊይዙት ሲመጡ፣ መርዙ ይበሳቸውና ይፈነዳሉ።

ደባልቄ፦ የኔ ጠባቂዎች? የሌላ ሰው ይሆናሉ።

ውብአንቺ፦ በጎዝ የምጠርገው ይሄ መግል ሬሳቸው ነው። እነሱ ሲፈነዱ ደግሞ ሌሎቹ ድረሱልን የተባሉ ያህል ይጎርፋሉ፤ ለእርዳታ የመጣው ሁሉ ግር ብሎ ሲገባ ቤቱ ራሱ ይፈርሳል። ቅላቱም፣ እብጠቱም፣ ግለቱም ከዚያ ነው። ወደ ደም ካለፈ የሚሄደው እግርዎ ብቻ አይደለም።

ደባልቄ፦ እግር ነው ያልሽው?

ውብአንቺ፦ እግር ነው ያልኩት።

ደባልቄ፦ እንግዲያው ጅቡ ይውሰደው። ደባልቄ የገዛ እባጩን ማዳን አቅቶት ነጭ ጋዋን እግር ስር ተንጋለለ ከሚባል፣ በአንድ እግሬ እያነከስኩ ሦስት ወረዳ አገማለሁ።

ውብአንቺ፦ ጅብ ብለው ለሰፈሩ ያውሩ፣ አልከለክልዎትም። ስምዎም ምኔም አይደል። እኔ የምፈልገው ያ ምላጭ የነካውን ሰው ነው፤ እንደ እርስዎ ሳይሆን በፊት እንዳክመው። እባጩን ከከፈቱ ወዲህ ማንን አገሙ?

ደባልቄ፦ ማንንም። ቀንዱም ምላጩም ከተሰቀሉበት አልወረዱም።

ውብአንቺ፦ እርግጠኛ ነዎት?

ደባልቄ፦ የኔን ቃል ከናቅሽ የሺመቤት ያችውልሽ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር አንድ ቀን ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም፤ ውሸቱን በሙሉ ለኔ ትታልኛለች። የሺ፣ ንገሪያት እስቲ። ... ምንድን ነው የምታንሾካሹክልሽ?

ውብአንቺ፦ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጀርባቸውን አሳዩኝ፣ ጋሼ። የቀንዱ ክብ ሦስት ቦታ አለ፤ መሀለኛው ልክ እንደ ጭንዎ ቀልቶ አብጧል። «ማክሰኞ ነው ያገመኝ፣ ጭኑን ከፍቶ ምላጩን በሱሪው ጠርጎ ሲያበቃ» ይላሉ።