ከንፈር የሚመጥላት ሞልቷል

ያ ጉዞ ከታሪፉ በላይ ያስወጣኝ ላብ ብቻ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በታክሲ ስንሄድ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት ከንፈሯ የተሰነጠቀ ሕፃን ታቅፋለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ ልጅቷን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ያረቢ! አብሽሪ ልጄ።»

«አባባ፣ ከንፈር የሚመጥላት ሞልቷል፤ የጠፋው የሚሰፋላት ነው።»

«ይሰፋል እንዴ? እንደ ጆንያ?»

«ጆንያማ ቢሆን እኔው በሰፋሁት! ደሴ በነፃ የሚሰፉ ሐኪሞች መጥተዋል። ባለፈው ሲመጡም ወስጃት ነበር።»

«ታዲያ ምን አሉሽ?»

«ጉንፋን ይዟት ስለነበር፣ እያሳላት ሰመመን አንሰጣትም ብለው መለሱኝ። ዛሬም ካሳላት ሳይሰፏት መሄዳቸው ነው።»

«ጉንፋኑን ከየት አመጣችው?»

«ከዚሁ ታክሲ ነዋ! አንዱ አዛኝ ከንፈሩን እየመጠጠ መስኮቱን ከፍቶባት።»

«እኔ መስኮት አልነካሁም እንግዲህ!»

«እርስዎማ መቼ ነኩ። የዛሬውን የከፈቱት ከፊታችን ያሉት ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸውም ስንሳፈር አይተዋት ጥሩ አድርገው መጥጠውላታል።»

መስኮቴን ዘጋሁና እስከ ደሴ አላበኝ።