ሳይሰሙ መፍረድ

በ2003 ዓ.ም. ክረምት፣ ኦቦ ሆርዶፋ ከጎጆ ወደ ጊንጪ የሚወርድ መኪና ሲጠብቁ ዝናብ ያዛቸውና ሱቅ በረንዳ ተጠለሉ። እዚያ ለንሳን አገኟት። የጎረቤት ልጅ ናት፤ ቻይና አገር ተምራ መጥታ መንገዱን ለሚሠሩት ቻይናውያን ታስተረጉማለች። ሽማግሌው ጊንጪ ላለው የመንገድ ሥራው ቢሮ የያዙት ደብዳቤ ሊ የሚባለው ቻይናዊ ሾፌር ከሥራው እንዲባረር የሚጠይቅ ነበር። የወንድማቸውን ልጅ የተሬፋን ፈረስ ገጭቶ ገድሏልና እሳቸው ያሉበት የአገር ሽማግሌዎች ፈርደውበታል።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎችሽ ፍትሕ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ ኦቦ። አንድ መምህራችን ‹በዓለም ሸንጎ ትልቁ አገር ትንሹን ሳይሰማ አይፍረድ› ይሉን ነበር። ዛሬ ዘመኑ ተለውጦ፣ ድሮ ዝም የተባሉት አገሮች ‹ስሙን› እያሉ ነው።»

«ዱጋ! እውነት ነው! ሩቅ ተቀምጠው በእኛ ላይ ይወስናሉ፤ ማን ጠየቀን? ግን ቻይናስ ጉልበት ስታገኝ ትሰማ ይሆን?»

«እሱን እኔም እጠራጠራለሁ። ቃሉ ግን የተናገረውንም የሰማውንም ይይዛል። ለመሆኑ እናንተ ሊን ሰማችሁት?»

ኦቦ ሆርዶፋ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ዋስ የሚሆነው ዘመድ የለው፣ ቋንቋ አያውቅ፤ ምን ብለን እንጥራው?»

«እኔ እያለሁ?»

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሲያስታርቁ በአንድ ወገን ቃል ፈርደው የማያውቁት ሰው፣ ተሬፋ ፈረሱን መንገድ ዳር አስሮ አረቄ ቤት መግባቱን እያወቁ ዝም ብለዋል። አሁን አፈሩ። የልጅቱን ዓይን ማየት አቃታቸው።

«የራሴ አሮብኝ የሰው ሳማስል!» አሉ። መኪናው ሲመጣም አልተሳፈሩም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ። ሊ በለንሳ አፍ፣ «በፍጥነት ነድቻለሁ፤ ጥሩምባም አልነፋሁም» አለ። ይህን ሲሰማ ተሬፋም የራሱን ጥፋት አመነ። ሁለቱም ታረቁ። ሁለቱን ወገን መስማት ጥቅሙ ይህ ነው፤ እውነቱ ይወጣል፣ ቂም አይቀርም፣ እንግዳውም አገሩን አምኖ ይሠራል።

ሊ ግን አልተቀመጠም። «በመጀመሪያው ቀን ለምን አልጠራችሁኝም?» ሲል ጠየቀ።

ኦቦ ሆርዶፋ ተነሡ።

«ሰው አልመሰልከንም» አሉ።

ለንሳ ለመተርጎም አመነታች።

«ሳታለዝቢ ንገሪው፣ ልጄ።»