ከሎርድ ቤት የመጣ አማች

አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ አንድ እሑድ ረፋድ፤ ምላሱ ከመርካቶ ተነሥቶ ለንደን የሚያድረው ጨርቅ ነጋዴ አንዳርጌ፣ ስመኝን ለማግባት ሽማግሌ ከላከ በኋላ፣ ዛሬ ራሱ ተጠርቶ አባቷ ባላምባራስ ድልነሳሁ ሳሎን ተቀምጧል።

ባላምባራስ፦ የጠራሁህ ለሌላ ጉዳይ ነው አልኩህ እኮ።

አንዳርጌ፦ ሌላው ይደርሳል፣ ባላምባራስ። ሽማግሌዎቼ አጥንቴን ሳይቆጥሩ መመለሳቸው እንቅልፍ ነሥቶኛል። እርስዎ «ከየት ወገን ነው?» ሲሉ እነሱ «ከደህና ሰው» ብለው ዝም። በኔ ቤት «ደህና ሰው» ስድብ ነው።

ባላምባራስ፦ እንግዲያ ራስህ ቁጠረዋ።

አንዳርጌ፦ አባቴ ይመኑ፣ አያቴ ቸኮል። የቸኮል አባት ማን ይመስልዎታል?

ባላምባራስ፦ እኔ በምን አውቄ።

አንዳርጌ፦ ሎርድ ፔልሞር! በመቅደላ ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው። ሰባት ግንብ አለው፤ ትንሹን ግንብ በፈረስ ለመዞር ከዓቢይ ጾም መያዣ እስከ ፋሲካ ይፈጃል።

ባላምባራስ፦ ፈረሱ አብሮ ጾሟላ።

አንዳርጌ፦ እናቱ የጀርመን መስፍን ልጅ፣ አክስቱ ለዴንማርክ ንጉሥ የተዳረች፣ የክርስትና አባቱ የሩሲያው ዛር። እነዚያ ቤቶች አንድ ሐረግ ናቸው፤ ለንደን ላይ አንዱ ሲያስነጥስ ፒተርስበርግ ላይ «ይማርህ» ይላሉ።

ባላምባራስ፦ በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች።

አንዳርጌ፦ እኔ ግን አባቴንም ቆጥሬያለሁ።

ባላምባራስ፦ እውነት ነው። እንዲህ ከሆነማ «አንተ» ማለቴ ነውር ነው። ጌታዬ፣ ከዛር ተዛምደው እኔ ደጅ ምን አመጣዎት?

አንዳርጌ፦ ፍቅር ነዋ። በሎርድ ወግማ ስመኝን ማግባት ቁልቁለት ነው። ለሷ ስል ወርጃለሁ።

ባላምባራስ፦ ወርጃለሁ አሉ?

አንዳርጌ፦ ትንሽ። ምንድን ነው የተንጓጓው?

ባላምባራስ፦ የጓዳው በር ነው፤ ንፋስ ይሆናል። ይቀጥሉ። ሎርዱ ቸኮልን ከማን ወለደ?

አንዳርጌ፦ ከአንዲት የየጁ ወይዘሮ። ጦሩ ሲመለስ ተለያዩ። መርከቡ ላይ ሲያለቅስ ቀይ ባሕር ሁለት ክንድ ሞላ ይባላል።

ባላምባራስ፦ ይምላሉ?

አንዳርጌ፦ ሚካኤልን! ያባቴን አጥንት!

ባላምባራስ፦ እንግዲያ ይነሡና ይቀፉኝ። የእናቴም አባት ሎርድ ፔልሞር ነው።

አንዳርጌ፦ ማን?

ባላምባራስ፦ የእርስዎው ሰውዬ። እናቴ ዲቃላ ላለመባል ደብቃው ኖራ፣ ልትሞት ስትል ነገረችኝ። ቸኮል ወንድሟ ነው ማለት ነው። ሰባት ቤት ሲቆጠር እርስዎና ስመኝ ገና ሦስተኛው ላይ ተገናኛችሁ። እህትዎ ናት።

አንዳርጌ፦ ቆይ፣ ቆይ። እነዚያ ቤቶች እኮ ደሙ እንዳይቀጥን ከአጎት ልጅ ውጭ አይጋቡም።

ባላምባራስ፦ ለዚህ አይደል አገጫቸው ደረታቸው ላይ ደርሶ፣ ጥርስና ጥርስ አልገጥም ብሏቸው ሾርባ ሲጠጡ የሚኖሩት። እኛ ዘንድ ይህን የሚባርክ ቄስ የለም።

አንዳርጌ፦ ደግሞ በነሱ ሕግ ከሰርግ ውጭ የተወለደ ከሐረጉ አይገባም። እናትዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አይቆጠሩም።

ባላምባራስ፦ ቸኮል በሰርግ ተወለደ?

አንዳርጌ፦ እሱማ…

ባላምባራስ፦ በሉ፣ ከእንግዲህ አጎቴ ይበሉኝ። ሌላ ባል ስንፈልግላት እርስዎ እንደ ወንድም ቆመው ይድሯታል። በሎርድ እጅ መዳርም ክብር ነው።

አንዳርጌ፦ ባላምባራስ… ሎርዱ ምናልባት ሎርድ ላይሆን ይችላል።

ባላምባራስ፦ ሻለቃ ነበር?

አንዳርጌ፦ ዝቅ ያድርጉት።

ባላምባራስ፦ ተራ ወታደር?

አንዳርጌ፦ እንግሊዝም አልነበረ። የቸኮል አባት የላስታ ሰው ነው። እንግሊዞቹ መድፍ የጫኑባቸው ዝሆኖች ነበሯቸው፤ ለዝሆኖቹ ሣር ያጭድ ነበር። ፔልሞር የሚለውን ስም ከብስኩት ጣሳ ላይ ነው ያነበብኩት። እናትዎ ከጣሳ ሊወለዱ አይችሉም።

ባላምባራስ፦ አልተወለደችም። የመንዝ ገበሬ ልጅ ናት፤ ፈረንጅ በዓይኗ ሳታይ ሞተች።

አንዳርጌ፦ እንግዲያ ዝምድና የለንም!

ባላምባራስ፦ የለንም።

አንዳርጌ፦ ተመስገን። እንግዲህ ወደዚያ ወደ ሌላው ጉዳይ እንመለስ።

ባላምባራስ፦ የሣር አጫጁን ነገር አንዱ ሽማግሌህ ሲወጣ ደጃፍ ላይ ሹክ ብሎኝ ነበር፣ አንተ። ለስመኝ ብነግራት «ዝሆን ያጠገበ ቤት እኔን አያስርበኝም» ብላ ሳቀች። ዛሬ የጠራሁህ እሺ ልልህ ነበር።

አንዳርጌ፦ ታዲያ አሁንስ ቢሉኝ? ውሸቴን እንደሆነ ተፋሁት።

ባላምባራስ፦ እኔስ ባልኩህ፤ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ። ቅድም «ወርጃለሁ» ስትል የጓዳውን በር የዘጋው ንፋስ አልነበረም።