ወደ አገረ ገዥው ሽማግሌ የላኩት አባት

ክቡራን ካህናት አባቶቻችን፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ የአቶ አያና ደስታ ታሪክ ሲነበብ ሳቅ የሚያመልጠው ሰው ቢኖር ቤተሰቡ አይቀየምም፤ እርሳቸው ራሳቸው በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ፣ ስለ እኔ ሲነበብ ሰው እንዲያንቀላፋ አልፈልግም ብለው አደራ ሰጥተዋልና።

አቶ አያና፣ በክርስትና ስማቸው ወልደ ገብርኤል፣ ከአባታቸው ከአቶ ደስታ በላቸውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበች አባተ በሐረርጌ፣ በአሰበ ተፈሪ ከተማ፣ በጥቅምት ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በአውራጃው ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ስለ ነበሩ፣ ልጃቸው ማንበብ የለመዱት ከአቤቱታ ወረቀት ላይ ነው። በስምንት ዓመታቸው አዲስ ቁምጣ ቢያምራቸው «ጉዳዩ፦ ቁምጣ እንዲገዛልኝ ስለ መጠየቅ» የሚል ማመልከቻ ለእናታቸው አስገብተው፣ ቁምጣውም በሳምንቱ እንደ ተገዛላቸው ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር።

በተወለዱበት ከተማ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው፣ በሐረር በመምህርነት ሠልጥነው፣ ለአራት ዓመት ያህል ሒሳብ ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ፣ በዚያ ሰው በሰው ላይ በተነሣበት ዘመን የባቡሩን ሐዲድ ዳር ዳሩን ተከትለው ወደ ጅቡቲ ተሻግረው በዲኪል የስደተኞች መጠለያ ተቀመጡ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ እናናዬን ያዩዋቸው በዚያው መጠለያ የውኃ ሰልፍ ላይ ሲሆን፣ ባዩዋቸው በሳምንቱ ሽማግሌ ላኩ። በመጠለያው ሽበት ያለው ሰው አልተገኘምና ሦስቱም «ሽማግሌዎች» ከሃያ አምስት ዓመት ያልበለጡ ጎረምሶች ነበሩ፤ አንደኛው ቁም ነገረኛ እንዲመስል ብሎ የሰው መነጽር ተውሶ ሄዶ፣ በድንኳኑ ገመድ ተደናቅፎ በአማቾቹ ፊት በግንባሩ ተደፋ። ያ ባለ መነጽር ዛሬ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ነው። የወይዘሮ እናናዬ አጎት እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ እንመካከርበት ብለው መልሰው በሦስተኛው እሺ አሉ። አቶ አያናም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ የከበረ ነገር ሦስት ጊዜ ሳይጠየቅ አይገኝም ብለው አምነው ኖሩ።

በ1977 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ገብተው፣ በመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ሳህን አጣቢ፣ ቀጥሎም የመጋዘን ሠራተኛ ከሆኑ በኋላ፣ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ክሊቭላንድ አቬኑን ተመላለሱበት። የሚሮጥ ተሳፋሪ ጥለው ሄደው ስለማያውቁ ሁለት ጊዜ የማርፈድ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው፣ ለሁለቱም በአባታቸው ወግ ሦስት ሦስት ገጽ መልስ ሰጥተዋል። በዚሁ ዘመን ማራናታንና ባስልዮስን ወልደው አሳደጉ።

ማራናታ ሕግ ተምራ፣ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ተከሳሾች መንግሥት የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ ሆነች። ዛሬ ክብርት ዳኛ ብትሆንም በእጃችን ያደገች ናትና አንቱ አንላትም፤ ብንላትም አትሰማንም። አንድ ቀን የአቶ አያና የልብ ወዳጅ የሆኑትን የአቶ ጸጋዬን የቅመማ ቅመም ሱቅ መስኮት ሰብሮ የገባ ወጣት ተያዘና ጉዳዩ ለማራናታ ደረሳት። አባቷ እንድትተወው አጥብቀው ለመኗት፤ እርሷ ግን ለወጣቱ ቆማ፣ በልጅነቷ ከረሜላ ያጎርሷት የነበሩትን ጋሽ ጸጋዬን በመስቀለኛ ጥያቄ ላብ በላብ አደረገቻቸው። አቶ አያና በወዳጃቸው ፊት አፍረው ልጃቸውን አራት ወር ሙሉ አኮረፏት። ይህን ኋላ እርሳቸው ራሳቸው በጽሑፍ ስለ መሰከሩት፣ እዚህ ቢነበብ ነውር የለውም።

ኩርፊያው ሳይበርድ ከካውንቲው ዳኞች አንዱ ጡረታ ወጡ። በኦሃዮ ዳኛ የሚመረጠው በሕዝብ ድምፅ ቢሆንም፣ የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ ወንበር ባዶ ሲሆን ምትክ የሚሾሙት አገረ ገዥው ናቸው፤ ተሿሚውም በተከታዩ ምርጫ ሕዝብ ፊት ቀርቦ ወንበሩን ማጽናት አለበት። ማራናታ ረጅሙን መጠይቅ ሞልታ ማስገባቷን አቶ አያና ከወይዘሮ እናናዬ ሰሙ። ልጃቸውን አፍ አውጥተው ይቅርታ መጠየቅ አቃታቸው እንጂ ሽማግሌ መላክ አላቃታቸውም፤ ስለዚህ አቶ ጸጋዬን፣ እንግሊዝኛው የሚሳካላቸውን ወይዘሮ ፋንታዬንና ባለ መነጽሩን ሰበሰቡ። ማራናታ በእናቷ በኩል «ማሚ፣ ፕሊዝ ስቶፕ ሂም! ሰርግ እኮ አይደለም፤ አፕላይ አድርጌያለሁ፣ ኢንተርቪው ያደርጉኛል፣ ዛትስ ኢት!» ብላ ብትለምንም የሚሰማት አልተገኘም።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ዳውንታውን ወደሚገኘው የአገረ ገዥው ቢሮ ወጡ፤ አቶ አያና ግን የልጅቱ አባት አብሮ መግባቱ ደግ አይደለም ብለው መኪና ውስጥ ቀሩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀጠሮ አላችሁ ወይ ብትል፣ ወይዘሮ ፋንታዬ ሽማግሌ ቀጠሮ እንደማይዝ አስረዷት። ቆይቶም የሹመት ጉዳይ የምትከታተል አንዲት የሕግ ባለሙያ ወጥታ፣ አገረ ገዥው የሚወስኑት መጠይቁን፣ የፓርቲያቸውን የካውንቲ ኮሚቴ አስተያየትና የቃለ መጠይቁን ውጤት መርምረው እንደ ሆነ፣ በአካል መምጣት ብልጫ እንደማያሰጥ፣ ነገር ግን ማንኛውም ሰው የድጋፍ ደብዳቤ መላክ እንደሚችል በትሕትና ገለጸችላቸው። ተቀመጡ ብትላቸውም፣ መልስ ያላገኘ ሽማግሌ አይቀመጥምና፣ ሦስቱም ቆመው ሰሟት።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሰው መሾሙን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ማራናታ አለቀሰች፤ አቶ አያና ግን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ፊታቸው በርቶ፣ «ይኸው መለሱን! በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ደህና ቤት የት አለ?» ብለው ሽማግሌዎቹን ምሳ ጋበዙ። ልጃቸውንም በዚያው ደስታ ደውለው አነጋገሯት፤ ስለዚያ ስለ አራቱ ወር ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። በዓመቱ ሌላ ወንበር ተለቀቀ፤ እንደገና ተሄደ፣ እንደገና ሌላ ሰው ተሾመ፣ እንደገናም ምሳ ተበላ። ማራናታ ግን በቃኝ አለች።

ሦስተኛው ወንበር ባለፈው መኸር ሲለቀቅ አቶ አያና በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ላይ ነበሩ። ልጃቸውን አስጠርተው የዲኪሉን ታሪክ ከነመነጽሩና ከነገመዱ አጫወቷት፤ እርሷም እየሳቀች ሄዳ መጠይቁን ለሦስተኛ ጊዜ ሞላች። በዚህኛው ጉዞ የተናገሩት አቶ ጸጋዬ ነበሩ፤ ሱቄን ለሰበረው ልጅ የቆመችው እርሷ ናት፣ እኔንም እንደ ማንኛውም ሰው አፋጠጠችኝ፣ ደጅ ስንወጣ ግን ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፣ እኔም አንድ ቀን ብከሰስ እንዲህ ያለ ሰው ቢዳኘኝ እወዳለሁ አሉ። ከዚያም አቶ አያና በእጥበቱ ወንበር ላይ ሆነው የጻፉትንና ወይዘሮ ፋንታዬ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትን አንድ ገጽ አስረክበው ወጡ።

በየካቲት አገረ ገዥው ራሳቸው ቢደውሉ፣ ማራናታ የማላውቀው ቁጥር ነው ብላ ሁለት ጊዜ ዘግታባቸው በሦስተኛው አነሣች። አቶ አያና ይህን ሲሰሙ፣ ለካ እርሳቸውም ወጉን ያውቁታል ብለው እጅግ አከበሯቸው።

ቃለ መሐላ በፈጸመችበት ዕለት ያቺ የሕግ ባለሙያ መጥታ የዚያን ገጽ ግልባጭ በፖስታ አድርጋ ለማራናታ ሰጠቻት። «ጉዳዩ፦ ስለ ልጄ» ይላል። ዝቅ ብሎም፣ «እኔ አባቷ ብለምናት እንኳ ከሥራዋ ፈቀቅ አላለችም፤ በዚህም አራት ወር አኩርፌያታለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይህን ለእርሷ መናገር ስላቃተኝ ለክቡርነትዎ አመልክቻለሁ» ይላል። ማራናታ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ፊት ተንበርክካ ጉልበታቸውን አቅፋ አለቀሰች፤ እርሳቸውም እያለቀሱ፣ «ካባውን እንዳታርሺው፣ የመንግሥት ንብረት ነው» አሏት። የካባዋን ቁልፍ የቆለፉላት እርሳቸው ሲሆኑ፣ አንዱን አዛንፈው ስለ ቆለፉት በፎቶግራፉ ላይ ተንጋዶ ይታያል፤ ይስተካከል ቢባልም አልፈቀደችም።

ከዚያ ወዲህ ሐሳባቸው ሁሉ መጪው የኖቬምበር ምርጫ ሆነ። ለአንድ አገረ ገዥ ሽማግሌ መላክ ቀላል ነበር፣ ለካውንቲው ሕዝብ ሁሉ እንዴት ይላካል ብለው ተጨንቀው፣ የድሮ ተሳፋሪዎቻቸውን ስም በደብተር መመዝገብ ጀመሩ፤ መቶ አርባ ሁለት ስም ጽፈዋል። ሕመማቸው እየጸና ሄዶ፣ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ አንዱ እጃቸው በወይዘሮ እናናዬ፣ አንዱም በማራናታ እጅ እንዳለ ዐረፉ። ክብርት ዳኛ በአባቴ ቀብር ላይ የምርጫ ነገር እንዳይነሣ ብላ ስላዘዘች፣ ስለ ደብተሩ ከዚህ በላይ አይነበብም።

አቶ አያና የወይዘሮ እናናዬ ባል፣ የማራናታና የባስልዮስ አባት፣ የሕፃን ያኤል አያት፣ የሁላችንም ወዳጅ ነበሩ፤ በጣም ይናፍቁናል። ዛሬ ወንበሩ ከማይለቀቅ፣ ሿሚም ከሌለበት ዳኛ ፊት ቀርበዋልና፣ ሽማግሌ የመላኩ ተራ የእርሳቸው፣ የመሄዱ ተራ የእኛ ሆኗል። ጌታ ሆይ፣ ይኸው በደጅህ ቆመናል፤ ተቀመጡ ብትለንም አንቀመጥም። በሠልስታቸው እንመጣለን፣ በሰባታቸው እንመጣለን፣ በአርባቸውና በሰማንያቸው እንመለሳለን። ጉዳዩ፦ የአገልጋይህን የወልደ ገብርኤልን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ እንድታሳርፍልን ስለ መለመን። አሜን።