እንቁላል ለቃሚው

«እንደምን አደርሽ ሸዋዬ? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ባልሽስ፣ የሌሊት ተረኛነቱን ጨረሰ? … እሰይ፣ እግዜር ይመስገን። ዛሬ ሐይቁ ነፋሱን በጠዋት ነው የላከብን፤ ደጅ ያሰጣሁት ብቅል እንዳይበተን ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫንሁበት። የጎርጎራው ጀልባም ዘገየ ሲሉ ሰማሁ። ይዘግያ! ስኳሩ በሱ አይመጣ።…»

ወይዘሮ የብርጓል ይህን ሲሉ የስኳሩ ሰልፍ ከቀበሌው ሱቅ በር ተነሥቶ፣ በግድግዳው ተጠማዞ፣ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት መስኮት ደርሶ ነበር። እሳቸውና ሸዋዬ የቆሙት ልክ ከመስኮቱ ሥር ነው። መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ፣ ሊቀመንበሩ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ በኩል፣ «ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ» የሚል ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ሸዋዬ ባሏ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከደሴ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ ድምፁ ምን እንደሆነ አታውቅም። አንገቷን መዘዝ አድርጋ ልታይ ስትል ወይዘሮ የብርጓል ክንዷን ያዝ አደረጓት። የሟቹ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ባለቤት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ያከብራቸዋል፣ አፋቸውንም ይፈራዋል።

«ተይ፣ አትመልከች። ሰው ሥራ ላይ ነው።… ይልቅ አንች ጨዋታ ትወጃለሽ? እኔ እወዳለሁ። የመሪጌታ ሚስት ሆኘ እንዲህ ማለቴ ነውር ከሆነ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ግን እሳቸውም ይወዱ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር። ገበጣን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ገበጣ ደስ የሚለኝ ጠጠሩ እጅ ውስጥ ሲሞቅ ነው። የማልወድለት ደግሞ፣ ተጫዋቹ አስቀድሞ በዓይኑ ቆጥሮ ይጨርስና እንዳላወቀ ሰው ጣራ ጣራ ያያል። መሪጌታ እንዲያ ነበሩ። የድጓ ምልክት የማይስት ሰው ጠጠር ይስታል?

ካርታ የለመድሁት ከናንተ ከሠራተኞቹ ሚስቶች ነው። ካርታ ጥሩ ነው፤ ወሬው ግን ይበዛል። ማን ምን እንደጣለች ሳላይ ማን ማንን እንደፈታች ሰምቼ እነሣለሁ። ጆተኒም አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ እዚያ ወጣቶች ማኅበሩ ደጅ።… ሳትስቂ! ክንዴን አመመኝና ተውሁት። ደግሞም እነዚያ ሰዎች በብረት የተሰኩ፣ እግራቸው የተጣበቀ፣ ሌላ ሰው ሲያዞራቸው ብቻ የሚራገጡ… አላማሩኝም። እንዲህ ያለውን በየስብሰባው ስለማይ ይሆናል፣ እንጃ።»

ከፊታቸው የቆመ ሽማግሌ ሳል ያዘው። ሳሉ የእውነት ሳል አይመስልም ነበር። ወይዘሮ የብርጓል ጀርባውን መታ መታ አድርገው ምሕረት ለመኑለትና ቀጠሉ።

«ዳማን ግን ማየት እወድ ነበር፤ እዚህ ከሱቁ ጎን በቆርኪ የሚጫወቱትን። አሁን ተውሁ። ለምን አትይኝም? አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ስሙ ምን ያደርግልሻል። ተሸንፎ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ! ሰዓት ሠሪው ቢያዝን፣ ከዘጌ እስከ ቆላ ድባ የሚችለው የሌለ፣ ከዚህ ሰው ፊት ሲቀመጥ እጁ ይተሳሰራል። የሚበላውን አይበላ፣ የሚሄድበትን አይሄድ። ቆርኪውን ወስዶ አፉ ውስጥ ያስቀምጥለታል ብልሽ ይቀለኛል። ከዚያ ሰውየው ይስቃል። ቢያዝንም ይስቃል። እኛም ቆመን እንስቃለን። ተሰጥኦ ማለት ይኸ ነው ሸዋዬ፤ ሳይነካሽ የሚያደነዝዝሽ።… አንዳንዱ ሰው ለማሸነፍ ይማራል፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ወገቡ ላይ ታጥቆት ይመጣል።»

ሸዋዬ ሳታስበው ከመስኮቱ ግማሽ ርምጃ ሸሸች። የስኳር ካርዷን የሚፈርምላት፣ ባሏ ለዘመድ ቀብር ደሴ ሲሄድ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የሚታጠቀው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመስኮቱ ማዶ ነው። ፈራች። ግን ደግሞ ወሬው እንዲቆም አልፈለገችም።

«ምን ልልሽ ነበር?… አዎ፣ የዶሮዎቹን ጨዋታ። ከሁሉ የወደድሁት እሱን ነው። አላየሽውም? ልጄ ፅጌ ማርያም ነበረች ከኪየቭ የላከችልኝ፤ እዚያ ሕክምና ትማራለች። ከዳዊት መጽሐፍ የማትበልጥ ዕቃ ናት። መስታወቷ ውስጥ አራት ዶሮዎች በአራት ማዕዘን ተቀምጠው እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ እየተንከባለለ ሲወርድ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። መካከል ላይ ቅርጫት የያዘ አንድ ሰው አለ። ቁልፉን እየነካሽ ወዲህ ወዲያ ታደርጊዋለሽ፣ እንቁላል ይለቅማል። በቃ። ሌላ ሥራ የለውም። እነሱ ይጥላሉ፣ እሱ ይለቅማል።… ዕድል እኮ ነው! አንዳንድ ሰው ለዚሁ ተፈጥሯል።

ምኑን ወደድሽው በይኝ። ዶሮዎቹ ሰው አይለዩም፤ ያን ነው የወደድሁላቸው። ለመበለት ፈጥነው፣ ለባለ ጊዜ ቀስ ብለው አይጥሉም። እንደ ቢያዝን አይደሉም። እንግዲህ ያ ተሸንፎ የማያውቀው ሰው እነሱ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን… ኧረ እኔ ምን አውቄ! በጆሮየ የገባውን ነው የምልሽ። ስሚ… ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ… ጧ! ይኸ አንድ ተሰበረ ማለት ነው። ሦስት ስትሰብሪ ጨዋታው ‹በቃሽ፣ ተነሽ› ይልሻል። ደግ ሕግ አይደለም? ሦስት ብቻ! እንዲህ ያለ ሕግ በሌላውም ወንበር ላይ ቢኖር… እንቁላል ነው የማወራው ሸዋዬ፣ ምን ዘወር ዘወር ያሰኝሻል?

የማልወድላትም አለኝ። መጀመሪያ ታባብልሻለች፤ አንድ እንቁላል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ እንግዳ። ለመድሁ ስትይ ከአራቱም በኩል ታወርድብሻለች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል ነበር ድሮ፤ ዘንድሮ ሰውን ሲያታልሉት በዶሮ ጣሉት። ግን ይቅር ባይ ናት። ሁለት መቶ ስትሞዪ ቆንጆ ዜማ ታሰማና የሰበርሽውን ሁሉ ትፍቅልሻለች። እኔ ሞልቼ አውቃለሁ። ከመስኮቱ… ማለቴ ከሩቅ ስሰማ ግን ያቺ ዜማ እስካሁን አልመጣችም። የተሰበረው እንደተሰበረ ነው።»

ውስጥ ሁለት ጊዜ «ጧ፣ ጧ» አለ። ሦስቱ ሞላ። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ሰውየው ግን አልወጣም። ምን ብሎ ይወጣል? እሱን ማንም አላነሣውም።

«ታዲያ ያንቺ ዕቃ የት ሄደች አትይኝም? … ምርመራ ላይ ናት። የመስቀል ሰሞን ነው። ማታ ማታ ከቤቴ ጢጥ ጢጥ ሲል ጥበቃዎቹ ሰምተው ኖሯል፤ መበለቲቱ በመሣሪያ ከባሕር ማዶ ጋር ትነጋገራለች ተባለ። ይኸ የምልሽ ሰው ራሱ መጣ፣ ሁለት ባለ ጠመንጃ አስከትሎ። ‹ከማን ጋር ነው የሚገናኙት?› አለኝ። ‹ከዶሮዎች ጋር› አልሁት። ‹የዶሮዎቹ አለቃ ማነው?› አላለኝም መሰለሽ! እንዲህ ያለ ጥያቄ እኔ ባስብ ባስብ አይመጣልኝም። ‹አውራ የላቸውም፣ ሁሉም ሴቶች ናቸው› ስለው የባሰ ጠረጠረ።

እኔ አልተቀየምሁም። አገር የሚጠብቅ ሰው መጠንቀቅ አለበት። ‹ተመርምሮ ይመለሳል› አለ፤ እንዳለውም ይኸው ጾመ ነቢያት ገባ፣ እየመረመረ ነው። እንዴት ያለ ትጋት! ጠዋት ይመረምራል፣ ከምሳ በፊት ይመረምራል፣ ስብሰባ ላይ ሳይቀር ከጠረጴዛ ሥር ይመረምራል አሉ። ባለፈው እሑድ መፈክር ሲያሰማ ግራ እጁን ቢያነሣ አውራ ጣቱ ቆርፍዶ አየሁና አንጀቴን በላኝ። ለአገር ብሎ እኮ ነው! ባትሪዋ ያለቀ ጊዜም ቢያዝን ዘንድ ሄዶ የሰዓት ባትሪ አስገባላት። ለታሰረ ስንቅ የሚያቀብል መርማሪ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሲሾም ያልተጫወተ ሲሻር… እንዴት ነበር ተረቱ? ረሳሁት። እድሜ ነው።»

ሰልፉ ሳቁን ዋጠ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ሽማግሌው ሳሉ ተነሣበት። ስኳር መዛኙ ሚዛኑን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ወይዘሮ የብርጓል ብቻ ፊታቸው ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ሰው የረጋ ነው።

«ደስ ያለኝንም ልንገርሽ። የዚህ ሰው ሴት ልጅ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ልትሄድ ነው አሉ። እሰይ! ጎበዝ ልጅ ናት። ሌሎቹ ተቀምጠው ያልሆነላቸውን ፈተና እሷ ሳትቀመጥ አልፋዋለች። አባትዋን ነዋ! እሱም ሳይቀመጥ ነው ሁሉን የሚያልፈው።… አንዲት ልጅ ናት ያለችው። እንደኔው።»

ሰልፉ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ወደፊት መራመድ የነበረባቸው ወይዘሮ የብርጓል ነበሩ፤ እሳቸው ግን ሸዋዬን በእጃቸው ወደፊት እለፊ አሏት። ያን ጊዜ ሸዋዬ ልብ አለች፤ ዘንቢል አልያዙም፣ ካርድም አልያዙም። ለካ ማክሰኞ ዕለት ስኳራቸውን ሲወስዱ አይታቸዋለች። ረቡዕ ዕለትም ቆመው ነበር። ትናንትም። ሁልጊዜ ከዚሁ መስኮት ሥር።

«ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች አይደል? … እንግዲህ አንድ ጊዜ ዝም በይልኝ።»

ብዙም አልቆየ። ከመስኮቱ ውስጥ እንቁላሉን የማይመስል፣ ሳይቋረጥ የሚጠራ ረዥም ድምፅ ተነሣ። ሊቀመንበሩ ቁልፉን ሁሉ ሲነካካ፣ ዕቃዋን መሳቢያ ውስጥ ሲከትና ሲዘጋባት ተሰማ፤ ድምፁ ታፍኖም ቢሆን አልቆመም። ወይዘሮ የብርጓል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰና «አቤት ልጄ» አሉ፣ ሸዋዬ ብቻ እንድትሰማው ሆኖ። ድምፁ ቆመ። ዓይናቸውን ሲገልጡ እርጥብ ነበር፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ሰማሽ? ይኸ ጨዋታው አይደለም። ዕቃዋ ሰዓት አላት። ፅጌ ማርያም ደወሉን በስድስት ሰዓት ሞልታው ነው የላከችልኝ። ‹እማየ፣ ሰዓቱ እዚያም እዚህም አንድ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳየ ላይ ስቀርብ "እማየ" ብዬ እጠራሻለሁ፤ ሲጮኽ አቤት በይኝ› ብላ። ደብዳቤዋ ሲመጣ ይመጣል፣ ሳይመጣም ይቀራል፤ የመጣውም ቀድሞኝ የተነበበ ነው። ይኸ ግን በየቀኑ ነበር። ትናፍቀኛለች ሸዋዬ። በጣም ነው የምትናፍቀኝ። እንዴት እንደሚጠፋ አላወቀበትም፤ ቢያዝንም ባትሪዋን ሲለውጥ በዚያው ሰዓት መልሶ ሞልቶልኛል፤ ተመስገን። ፊት ቤቴ ይጮኽ ነበር፣ አሁን እዚህ ይጮኻል፤ እኔም ወደሚጮኽበት እመጣለሁ። ልጄ እዚያ ‹እማየ› ስትል እዚህ እሱ ‹አቤት› እንዳይላት ብዬ ነው።»

ሸዋዬ የሴትዮዋን እጅ ፈልጋ ያዘች። ወይዘሮ የብርጓል እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁና ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሊሄዱ ነው። ወደ መስኮቱ አልዞሩም። ድምፃቸውን ግን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሞ እንደሚመርቅ ሰው ከፍ አደረጉት፣ ሁለት መዳፋቸውንም ዘረጉ።

«በይ እንግዲህ፣ በሰው ድካም ላይ ሳይመርቁ መሄድ ደግ አይደለም። እድሜ ይስጠው። ጤና ይስጠው። ያቺን አንዲት ልጁን በደኅና ሄዳ በደኅና የምትማር ያድርግለት። በረዶው አይንካት፣ ባዕድ አይክፋባት። አባቷንም አትርሳው፤ ድምፅ ያለው ዕቃ ገዝታ፣ በስሙ የሚጠራው አድርጋ ትላክለት። እሱም እንደኔ አርጅቶ፣ ከሥራ አርፎ፣ ቤቱ ጭር ባለበት ጊዜ ድምፅዋን በየቀኑ እየሰማ ደስ ይበለው። ያን ጊዜ ደግሞ የጣና ቂርቆስ ልክ እንደሱ ያለ፣ ለአገሩ የሚጠነቀቅ፣ ዕቃ ሳይመረምር የማያሳልፍ ሰው ደጁ ድረስ ይላክለት።… አሜን በይ እንጂ ሸዋዬ! ምነው ፈራሽ? ምርቃት እኮ ነው።»